ለወላጆቻችን አዲስ ቤት ልንሠራ ነው፤ ጎረቤት የማይርቅበት ቤት እንዴት ያለ ነው?

ጥያቄ፦ የማቻክል ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። እኛ እኅትና ወንድሞች ገንዘብ አዋጥተን በምሥራቅ ጎጃም፣ ማቻክል ወረዳ ለሚኖሩት አባትና እናታችን አዲስ ቤት ልንሠራላቸው አስበናል። አሁን የሚኖሩበት ክብ የሣር ቤት ክዳኑ አርጅቶ ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈሳል፤ ሰንበሌጥም እንደ ልብ መገኘቱ ከቀረ ቆይቷል። የአካባቢው አናጢ ያቀረበልን አሳብ ባለ 60 ቆርቆሮ፣ አራት ማዕዘን ቤት ነው። ከፊት ሳሎን፣ ከኋላ ሦስት መኝታ ክፍል፣ ከዋናው ቤት በስተጀርባ ራቅ ብሎ ወጥ ቤት፣ ዙሪያውን ደግሞ የባሕር ዛፍ አጥርና የቆርቆሮ በር ይኖረዋል። በወረዳችን አቅም ያለው ሰው ሁሉ የሚሠራው ይህንኑ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ማናችንም ጥያቄ አላነሣንም።

እኔን ያሳሰበኝ በአጎታችን ቤት ያየሁት ነገር ነው። አጎታችን ከጥቂት ዓመታት በፊት ተመሳሳይ ቤት ሠርተው ገብተዋል። ቤቱ ጠንካራና ንጹሕ ነው፤ ቤተሰቡም ይኮራበታል። በአሮጌው ቤት ሳሉ ግን ከብት ከገባ በኋላ ምድጃው ዙሪያ ሰው አይታጣም ነበር። ጎረቤት ሳይጠራ ጎራ ይል ነበር፤ ሴቶቹ እንዝርታቸውን ይዘው ይመጡ ነበር፤ ልጆች መደቡ ላይ ተደርድረው እንቆቅልሽ ይጠያየቁ ነበር። የእርሻው፣ የዕድሩ፣ የታመመው፣ የተጣላው ሰው ጉዳይ ሁሉ እዚያው ይነሣል፤ ሽማግሌ ሳይቀመጥ እዚያው የሚበርድ ጠብም ብዙ ነበር። አዲሱ ቤት ከተገባበት ወዲህ ሰው የሚመጣው ሲጠራ ነው። ሲመጣም ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ የቀረበለትን ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። የአጎቴ ባለቤት ከወጥ ቤት አይወጡም፤ አጎቴ ሳሎን ውስጥ ብቻቸውን ሬዲዮ ያዳምጣሉ፤ ልጆቹም በየክፍላቸው ናቸው።

ይህን ለውጥ ያመጣው የቤቱ አሠራር ነው ወይስ ዘመኑ ራሱ? አሠራሩ ከሆነ፣ እኛ ገና አንድ ካስማ ስላልተከልን ምን ብናስተካክል ይሻላል? አባቴ ማኅበርተኛ ናቸው፤ እናቴም ያለ ጎረቤት ቡና ጠጥተው አያውቁም። ልጆቻቸው ርቀን የምንኖር ስለሆነ በዕድሜያቸው ማምሻ የሚደርስላቸው ጎረቤት ነው። ጥሩ ቤት ሠርተንላቸው ብቻቸውን እንዳናስቀራቸው እፈራለሁ።

መልስ፦ አናጢው

እኔ በአናጢነት የምተዳደር ሰው ነኝ። ሥራውን የተማርኩት ከአባቴ ነው፤ አባቴ የሣር ቤት ይሠሩ ነበር፣ እኔ ግን አብዛኛውን ዕድሜዬን ቆርቆሮ ስመታ ኖሬያለሁ። ያዩት ለውጥ ከቤቱ አሠራር ጋር የተያያዘ መሆኑን በበኩሌ አልጠራጠርም፤ ነገሩ የሚጀምረው ግን ከጭሱ ነው።

የሣር ክዳን ጭስ ይፈልጋል። ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ወደ ላይ እየወጣ ሣሩንና ማገሩን ሲያጠቁር ምስጥና ነቀዝ አይደፍረውም፤ እርጥበቱም ቶሎ ይደርቃል። እሳት የማይነድበት የሣር ቤት በአጭር ጊዜ ይበሰብሳል። ስለዚህ ምድጃው ከቤቱ መካከል፣ ከምሰሶው አጠገብ የሚሆነው ለጨዋታ ተብሎ ብቻ ሳይሆን ቤቱ ራሱ እንዲቆም ጭምር ነው። ቆርቆሮ በተቃራኒው ጭስ አይወድም። ያጠቁረዋል፤ ሌሊት ከሥሩ ከሚቋጥረው ጤዛ ጋር ሲደባለቅ ደግሞ ያዝገዋል። ባለቤቱ የማዳበሪያ ከረጢት አሰፍቶ ኮርኒስ ካስመታ ደግሞ ጭሱ ጨርሶ መውጫ ያጣል። በዚህ ምክንያት ቆርቆሮ ሲመጣ እሳቱ ከዋናው ቤት ይወጣል፤ እሳቱ ሲወጣ እናት አብራው ትወጣለች፤ ልጆችም ይከተሏታል። በደጋ አገር፣ ማታ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ቦታ፣ እሳት በሌለው ሳሎን ውስጥ ማን ያመሻል? የሣር ቤት ሙቀት ይይዛል፣ ቆርቆሮ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ወዲያው ይበርዳል። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲወርድ ደግሞ ሰው እርስ በርሱ ጮሆ ካልተነጋገረ አይሰማማም።

ቅርጹም የራሱ ድርሻ አለው። የቆርቆሮ ቅጠል አራት ማዕዘን ስለሆነ ክብ ቤት ላይ ሲመታ ብዙው ተቆርጦ ይጣላል፤ ገንዘብ ያለው ሰው እንኳ ያን ኪሳራ አይፈልግም። ባሕር ዛፍም ቀጥ ያለ እንጨት ስለሆነ ለአራት ማዕዘን ቤት ይመቻል። አራት ማዕዘን ቤት ደግሞ በቀላሉ ይከፋፈላል። በክቡ ቤት ውስጥ የገባ ሰው ቤተሰቡን ሁሉ በአንድ ዐይን ያያል፤ በተከፋፈለው ቤት ውስጥ የገባ ሰው የሚያየው ሳሎኑን ብቻ ነው።

በማኅበራዊ ኑሮው ላይ ከዚህ ሁሉ የበለጠ ለውጥ ያመጣው ግን በእኔ እምነት የደቦው መቅረት ነው። የሣር ቤት ክዳን በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ስላለበት፣ ማንም ሰው ቢከብር ቢደኸይ በየጥቂት ዓመቱ የጎረቤቱን እጅ ይፈልግ ነበር። አንዱ ሣር ያጭዳል፣ አንዱ ይሸከማል፣ አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ይከድናል፤ ባለቤቲቱ ጠላና እንጀራ ታዘጋጃለች። በዚያ ቀን ያልመጣ ሰው በራሱ ተራ ማንን ሊጠራ ነው? ቆርቆሮ አንድ ጊዜ ይመታል፣ አናጢውም በገንዘብ ይቀጠራል። እኔ ራሴ የምኖረው በዚያ ገንዘብ ነው፤ ነገር ግን ቤቱን ሠርቼ ስወጣ ባለቤቱ ለማንም ብድር እንደሌለበት አያለሁ፤ ለእርሱም ብድር ያለበት ጎረቤት የለም። እስካሁን በደቦ የቀረው ምርጊቱ ነው። ጭድ የተቀላቀለበትን ጭቃ ረግጦ ማቡካትና ግድግዳ መምረግ ብዙ ሰው ስለሚፈልግ አሁንም ጎረቤት ይጠራበታል። የእናንተንም ቤት ግድግዳ በብሎኬት ከማሠራት በጭቃ አስመርጉት፤ ጎረቤት ሁሉ እጁን ያሳርፍበት።

ሰንበሌጥ የጠፋበትን ምክንያት ግን ማንም የቤት ባለቤት አላመጣውም። የግጦሽ መሬቱና ሣር የሚታጨድበት ረግረግ ሁሉ ለልጆች እየተከፋፈለ ታርሷል፤ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግም የአንዳንዱን ሰው ይዞታ ይበልጥ አሳንሶታል። ወደ ሣር ቤት እንመለስ ማለት የማይቻለውም ስለዚህ ነው።

መልስ፦ የገጠር ጤና ባለሙያ

አናጢው ወንድማችን የጻፉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ያ ምድጃ ዳር ጨዋታ በማን ጤና ላይ ይካሄድ እንደነበር አብሮ ቢነሣ ደስ ይለኛል። በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛነት ብዙ ዓመት ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ከነበሩት 16 ፓኬጆች መካከል አንዱ የመኖሪያ ቤት ጤና አጠባበቅ ነበር። እናቶችን ከምናስተምራቸው ነገሮች ዋናዎቹ ከብትን ከሰው መለየት፣ ወጥ ቤትን ከመኖሪያ መለየትና መስኮት መክፈት ነበሩ። ይህን ያስተማርነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዐይናቸው ከጭስ ብዛት ዘወትር የሚያለቅስ እናቶችን፣ በሳንባ ምች የሚያቃስቱ ሕፃናትን፣ ከገላጣው ምድጃ ውስጥ ወድቀው የተቃጠሉ ልጆችን አይቻለሁ። ክልላችን በትራኮማ እጅግ ከተጠቁት የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው፤ በሽታውን የምታዛምተው ዝንብ ደግሞ ከብቱና ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ቤት አትጠፋም።

ስለ ክፍሎቹም አንድ ነገር ልበል። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ አዲስ የገባች ምራት ልብስ የምትቀይርበት ጥግ አልነበራትም። ለአካለ መጠን የደረሰች ልጃገረድ፣ የወለደች እናት፣ በጠና የታመመ ሰው፣ ሁሉም በእንግዳ ዐይን ሥር ይኖሩ ነበር። ጎረቤት ሳይጠራ ሲገባ ደስ የሚለው ለሚገባው ሰው ነው፤ ሁልጊዜ ለሚገባበት ሰው ላይሆን ይችላል። ቤት ለቤት ስዞር ካነጋገርኳቸው ሴቶች መካከል ግድግዳው ይፍረስልኝ ያለችኝ አንዲትም የለችም።

ሆኖም ወጥ ቤቱን ራቅ አድርገን እንድንሠራ ስናስተምር ያላሰብንበት ነገር እንዳለ አምናለሁ። ሴቲቱ በምድጃው አጠገብ በነበረችበት ጊዜ ጭሱ ቢጎዳትም ወሬውን ሁሉ ትሰማ ነበር። ማዳበሪያ ይወሰድ፣ በሬው ይሸጥ፣ ልጅቱ ትዳር ወይ አትዳር ሲባል እንጀራ እየጋገረች አንድ ቃል ጣል ታደርግ ነበር፤ ያች አንድ ቃል ደግሞ ብዙ ጊዜ ነገሩን ትለውጠው ነበር። ወጥ ቤቱ ከጓሮ ሲሆን ከጭሱ ዳነች፣ ከምክሩ ግን ተለየች። አሁን ባሏ ከእንግዳ ጋር ተማክሮ የጨረሰውን በማግሥቱ ትሰማለች።

ስለዚህ ለጠያቂው የምሰጠው ምክር ይህ ነው፦ ወጥ ቤቱ ይለይ፣ ነገር ግን አይራቅ። በሩም ወደ ጓሮ ሳይሆን ሰው ወደሚቀመጥበት ቦታ ይክፈት። ለእንጀራው «ምርጥ» በሚል ስም የሚታወቀውን ምድጃ አስገቡላቸው፤ በገላጣ ምድጃ ከሚነደው ማገዶ ግማሽ ያህሉን ያተርፋል፣ ጭሱም ይቀንሳል። ከብቱን ግን እባካችሁ አታስገቡ።

መልስ፦ ወሎዬዋ ከሪያድ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ዕንባዬ መጣ። እኔ በሰው ቤት ሠርቼ ባጠራቀምኩት ገንዘብ ለእናቴ ደሴ ዙሪያ ቤት አሠርቻለሁ። በእኛ አካባቢ አሁን ከሩቅ የሚያብለጨልጩት ቤቶች አብዛኞቹ ልጆች ከዐረብ አገር በላኩት ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። ልጅቱ ስደት የወጣችበት ምክንያትም፣ የልፋቷ ማሳያም ያ ቤት ነው፤ ስለዚህ አሠራሩን የምትመርጠው እዚህ ከምታየው ቤት ነው። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ሰፊ ሳሎን፣ ሴራሚክ ወለል፣ ግድግዳውን የሚሞላ ቁም ሣጥን፣ የመስተዋት መስኮት እንዲኖረው አዝዤ ፎቶውን በስልክ ሳየው በደስታ አልቅሻለሁ።

ለዕረፍት ስሄድ ያየሁት ግን እናቴ የምትኖረው በአሮጌው ቤት ውስጥ መሆኑን ነው። ወጥ ቤት ይሆናል ብለን የተውነው የጭቃ ቤት ውስጥ ቡናው ይፈላል፣ ጎረቤቶቿ እዚያ ይሰበሰባሉ፣ ዱአው የሚደረገው፣ ዕጣኑ የሚጤሰው እዚያ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ድረስ የመንደሩ ሴቶች ሁሉ ይመላለሳሉ። አዲሱ ቤት ተቆልፎ ይውላል፤ ቁልፉ በእናቴ አንገት ላይ ነው። ለምን ብዬ ስጠይቃት "ልጄ፣ ከእርሻ የመጣ ሰው በጭቃ እግሩ እንዴት እዚያ ላይ ይቆማል?" አለችኝ። ጎረቤቶቿ ሴራሚኩን ያቆሽሹብናል ብላ ሳይሆን፣ እነርሱ ራሳቸው እንዳይሸማቀቁ ብላ ነው። አንዲት ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆማ እግሯን በነጠላዋ ስትጠርግ አይቻለሁ፤ ያቺ ሴት እኔን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ ናት።

ቤቱን በመሥራቴ አልጸጸትም። እናቴ አሁን የሚያፈስ ጣሪያ የለባትም፤ ስትታመም የምትተኛበት ንጹሕ ክፍል አላት፤ ሰው ፊትም ቀና ብላ ትሄዳለች። ለአንተ የምልህ ግን የወለሉን ነገር አስብበት ነው። ሊሾ ሲሚንቶ ይበቃል፤ ቄጠማ ይጎዘጎዝበታል፣ በውኃ ይታጠባል፣ ማንንም አያሳፍርም። አሮጌውንም ቤት አታፍርስባቸው። ከሁሉም በፊት ደግሞ እናትህን ጠይቃት። እኔ ስለ መጋረጃው ቀለም ስጠይቃት ኖሬ ስለ ቡናው ቦታ አልጠየቅኋትም።

መልስ፦ የታሪክ መምህር

ሁሉንም በቤቱ አሠራር ላይ ማሳበብ የሚያዋጣ አይመስለኝም። ትምህርት ቤት የሚውሉ ልጆች ማታ የቤት ሥራ አለባቸው፤ ወጣቶች ከተማ ይወጣሉ፤ በሶላር የሚሞላ ስልክ በየእጁ አለ። ቀድሞ የመሸበት መንገደኛ "የእግዜር እንግዳ" ብሎ ደጅ ላይ ሲቆም መደብ ላይ ቦታ ይለቀቅለት ነበር፤ ዛሬ መኪና ስላለና በየወረዳው ከተማ አልቤርጎ ስለተከፈተ ያ መንገደኛ ራሱ የለም። ማንም በሩን ስለዘጋበት አይደለም የጠፋው።

በአገራችን ሰውን በቤት አሠራር ለማቀራረብ በመንግሥት ደረጃ የተሞከረበት ጊዜም ነበር። በደርግ ዘመን በተለይ ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመንደር ምሥረታ በየማሳው ተበታትነው ይኖሩ የነበሩ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገበሬዎች ቤታቸውን አፍርሰው በገመድ በተለካ ረድፍ፣ በር ለበር ትይዩ ሆነው እንዲሠሩ ተደርጓል። ትምህርት ቤትና ውኃ ለማቅረብ ይመቻል የተባለው እውነትነት ነበረው። ነገር ግን ገበሬው ከማሳው ራቀ፤ ከብቱ ግጦሽ አጣ፤ ከማን ጋር ጎረቤት እንደሚሆን የሚወስነውም ሌላ ሰው ሆነ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅና ቁጥጥሩ ሲላላ በብዙ ቦታ ሰው ጣሪያውን አፍርሶ፣ እንጨቱን ተሸክሞ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመልሷል። ቤቶቹ ከቀድሞው ይልቅ ተቀራርበው ነበር፤ ጉርብትናው ግን በዚያ ልክ አልጠነከረም። ስለዚህ ጠያቂው ስለ በርና ስለ ወጥ ቤት ማሰባቸው መልካም ሆኖ፣ አባታቸው ማኅበሩን እንዳያቋርጡ፣ ዕድሩን እንዳይለቁ መደገፉ ከአሠራሩ የበለጠ ዋጋ ያለው ይመስለኛል።

መልስ፦ የእዣ ልጅ

መምህሩ ያነሡት ምሳሌ በግድ የተሠራ ስለነበር ነገሩን ሙሉ በሙሉ አያሳይም። በእኛ በሰባት ቤት ጉራጌ ማንም ሳያስገድድ መንደሩ በረድፍ ተሠርቷል። ጀፎረ የምንለው ሰፊ፣ ሣር የለበሰ ጎዳና መንደሩን መካከሉን ይዞ ያልፋል፤ ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እርሱ አዙረው ይቆማሉ፤ እንሰቱ ከየቤቱ ጀርባ ነው። ጥጃ የሚታሰረው፣ ልጅ የሚጫወተው፣ ለቅሶ የሚቀመጠው፣ ሠርግ የሚጨፈረው፣ የመስቀል ደመራ የሚደመረው በጀፎረው ላይ ነው። የእኔ ነው የሚል የለም፤ ገፍቶ ያጠረበት ሰው ግን ሽማግሌ ፊት ይቀርባል፤ ነገሩ ከከፋም በባህላዊው የጆካ ሥርዓታችን ይዳኛል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ማኅበራዊ ኑሮውን ቤቱ ብቻውን አልተሸከመውም። ኮንሶዎችም እንዲሁ ናቸው፤ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ምድራቸው ውስጥ ባሉት በድንጋይ የታጠሩ መንደሮች ሞራ የሚባል የጋራ አደባባይና ቤት አላቸው፤ ወጣቶቹ የሚያድሩት፣ ሽማግሌዎቹ የሚመክሩት እዚያ ነው።

አሁን ከአዲስ አበባ የመጣ ገንዘብ በጀፎረው ዳር ዘመናዊ ቤት እየሠራ ነው። ክቡ ቤት ሲቀየር አላዝንም፤ አጥሩና ብረት በሩ ግን ያሳዝነኛል። ብዙዎቹ ዓመቱን ሙሉ ተቆልፈው ይከርሙና ለመስቀል ሁለት ሳምንት ይከፈታሉ፤ ቀድሞ ከደጁ ላይ "እንደምን አደራችሁ" እየተባለ የሚታለፍበት ጎዳና በዚያ በኩል ዝም ይላል። የእናንተ አገር ጀፎረ ባይኖረውም ከቤታችሁ ፊት ሰው የሚያልፍበት መንገድ አለ። የቆርቆሮ በሩን ተዉት ወይም አጥሩን ዝቅ አድርጉት፤ አባታችሁ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሰላም የሚሉበት ይሁን።

የማቻክል ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን ለእኅትና ለወንድሞቼ አንብቤላቸው ባለ 60 ቆርቆሮው አሳብ ባይቀርም ወጥ ቤቱ ከጓሮ እንዳይሆን ተስማምተናል። እናቴን በስልክ ጠየቅኋቸው፤ መጀመሪያ "እናንተ እንዳላችሁ" አሉ፤ ደግሜ ስጠይቃቸው ግን እሳቱ ከሳሎን በር እንዲታያቸው እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። አባቴ ደግሞ የሚካኤል ማኅበር ሲደርሳቸው ማኅበርተኛውን ሁሉ የሚይዝ ቦታ ይፈልጋሉ። አጥሩን ዝቅ እናድርግ ስላቸው ግን የከብት ሌባና ጅብ አለ ብለው እንቢ ብለዋል። አናጢው ወንድማችን፣ ይህን ሁሉ በአንድ ቤት ማስማማት ይቻላል?

መልስ፦ አናጢው

ይቻላል። አባታችሁ ስለ ሌባው ያሉት እውነት ነው፤ ስለዚህ ጠንካራውን አጥር ለበረቱ ብቻ አድርጉት። በረቱ ከቤቱ ጎን ወይም ከኋላ ሆኖ መኝታ ቤታቸው በእርሱ በኩል አንድ ትንሽ መስኮት ይኑረው፤ ሌሊት ከብቱ ሲደነብር ይሰማሉ። የፊቱ ደጅ ግን ቁጥቋጦ ብቻ ይበቃዋል።

ከሦስቱ መኝታ ክፍሎች አንዱን ተዉትና ቦታውን ለሳሎኑ ስጡ። ሳሎኑ ከፊት ባለ ሁለት ተከፋች ሰፊ በር ይኑረው፤ ማኅበርም ሆነ ለቅሶ ሲሆን ሁለቱም ተከፍቶ ቤቱና በረንዳው አንድ ይሆናሉ። የቆርቆሮ ቅጠል ርዝመቱ ሁለት ሜትር ስለሆነ በረንዳው ላይ አንድ ሙሉ ቅጠል ጨምሩ። ብዙ ሰው በረንዳን ከአንድ ሜትር በታች ያሠራል፤ እርሱ ሰው ያሳልፋል እንጂ አያስቀምጥም። በግድግዳው ርዝመት የጭቃ መደብ ሥሩበት፤ ወንበር የማያስፈልገው መቀመጫ ማንንም ባለቤት አያስጨንቅም፣ ማንንም እንግዳ አያሳፍርም።

ወጥ ቤቱን በበረንዳው ጫፍ፣ ከሳሎኑ ግድግዳ ጋር ተያይዞ ግን ጣሪያው ዝቅ ብሎ ለብቻው እንዲሆን አድርጋችሁ ሥሩት፤ በሩም ወደ በረንዳው ይዙር። እናታችሁ እሳቱ ዘንድ ተቀምጠው ሳሎን ያለውንም ደጅ ያለውንም ያያሉ፤ የሚባለውንም ይሰማሉ። የጭስ መውጫውን ነፋሱ በብዛት ወደሚሄድበት በኩል አድርጉት፤ ከግድግዳውና ከጣሪያው መካከልም አንድ ክንድ ያህል ክፍት ተዉለት። ለማታ ብርድ ሳሎን ውስጥ የከሰል ማንደጃ እናስገባለን ካላችሁ ግን በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት እንደሚገድል ለሁለቱም ደጋግማችሁ ንገሯቸው። ኮርኒሱን አትተዉ፤ ብርዱንም የዝናቡንም ጩኸት ያበርደዋል።

አሮጌው ቤት ምሰሶው ደኅና ከሆነ አይፍረስ። አዲሱ ቤት ከተገባበት በኋላ አንድ ክረምት ይለፍና ወላጆቻችሁ ለምን እንደሚጠቀሙበት ይታይ። ምርጊቱን በደቦ የምታስመርጉ ከሆነ ቀኑን ከእርሻ ሥራና ከበዓል የራቀ አድርጉት፤ ጠላው አስቀድሞ ይጠመቅ፣ ከልጆቹም ቢያንስ አንዳችሁ እዚያው ተገኝታችሁ ጭቃ ርገጡ። ጣሪያው ከምርጊቱ በፊት ይመታ፤ ሁለቱም ከግንቦት በፊት ያልቁ፤ ክረምት ከገባ ምርጊቱ ሳይደርቅ ይፈርስባችኋል።